ሂግስ ዛሬ ድሬ ላይ ቢያስተምር ማዕረግ ያገኝ ነበር?

የከዚራው፦ ያ ጀመዓ፣ ትናንት በርጫ ላይ የተነሳውን እዚህ እንጨርሰው። የዩኒቨርሲቲ መምህር የማዕረግ ዕድገት ሲጠይቅ በፔፐር (በምርምር ጽሑፍ) ብዛትና በሳይቴሽን (ሌሎች ጽሑፉን በጠቀሱበት ጊዜ) ቁጥር ይመዘን ወይስ አይመዘን? እኔ አይመዘን ባይ ነኝ። ምክንያቴ የፊዚክሱ ሰው ፒተር ሂግስ ነው። ሰውየው በ1964 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ሁለት አጫጭር ጽሑፎች ጻፈ። ሁለተኛውን ጆርናሉ መለሰበት፤ ዛሬ በስሙ ስለምትጠራው አዲስ ቅንጣት የሚናገር አንቀጽ ጨምሮ ሌላ ጆርናል ላይ አወጣው። ቅንጣቷ ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ መገኘቷ የተነገረው በ2012 ነው። 48 ዓመት! ከ1964 በኋላ ያወጣው ፔፐር አሥር አይሞላም። በ2013 ኖቤል ሊቀበል ሲል ለጋዜጣ እንደተናገረው፣ ዲፓርትመንቱ የቅርብ ጊዜ ሥራህን ዘርዝር ሲለው «የለም» ብሎ ነበር የሚመልሰው። ዛሬ ቢሆን የሚቀጥረኝ አላገኝም ብሏል።

መምህርት ከሐረር፦ ወንድሜ፣ ሂግስን እኔም አከብራለሁ። ግን በአንድ ሂግስ ስም ስንት ሰው ሳይሠራ ይቀመጥ? ቁጥሩን አንሳውና ማን ይመዝናል? ኮሚቴ። ኮሚቴው ማነው? እኛው የምንተዋወቀው፣ አብረን ቡና የምንጠጣው፣ ለቅሶ የምንደራረሰው። እኔ ረዳት ፕሮፌሰር ለመሆን ስጠይቅ የበላዬ የነበረው ሰው ዓይኔን ማየት አይፈልግም ነበር። ያዳነኝ ቁጥር ነው። መመሪያው የሚለውን ያህል ፔፐር አሟልቼ ፋይሉን ሳስገባ የሚለው አጣ። ቁጥር ዘመድ የለውም።

የሳቢያን ልጅ፦ አቦ ቁጥርም እኮ ይሸውዳል። የተመራማሪን ፔፐርና ሳይቴሽን በአንድ ቁጥር የሚለካውን ኤች-ኢንዴክስን እንይ። በ2005 ያወጣው ሆርጌ ሂርሽ ራሱ የፊዚክስ ሰው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 20 ፔፐር ኖሮህ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ ከተጠቀሱ ኢንዴክስህ 20 ነው። ሦስት ፔፐር ብቻ ያለው ሰው ግን እያንዳንዳቸው አሥር ሺህ ጊዜ ቢጠቀሱለትም ከ3 አያልፍም። ሌላም አለ። በ2015 የሂግስን ቅንጣት ክብደት የለካው ፔፐር 5,154 ደራሲዎች አሉት። 33 ገጽ ነው፣ 24ቱን የያዘው የስም ዝርዝር ነው። ሥራው ትልቅ ነው፤ ያለ ብዙ ሰው አይሠራም። ግን ያ ፔፐር ለአንዱ ሰው «አንድ» ተብሎ ሲቆጠር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻውን ሒሳብ ሲሠራ ለከረመው ቲዎሪስትም (የንድፈ ሐሳብ ሰውም) «አንድ» ሲባል ፍርድ ነው?

የከዚራው፦ ይኸው! ሌላውን የፊዚክስ ሰው ስቲቨን ዋይንበርግንም ጨምርበት። የ1967ቱ ጽሑፉ ሦስት ገጽ ናት። አራት ዓመት ያህል የጠቀሳት አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1971 የሆላንዱ ፊዚክስ ሰው ኼራርድ ት ሆፍት ሒሳቡ እንደሚያስኬድ ሲያሳይ ነው ዓለም ዞሮ ያየው፤ በ1979 ኖቤል አመጣች። የእኛ ኮሚቴ በሁለተኛው ዓመት ቢያያት ምን ይላት ነበር?

ጀጎል፦ ሁላችሁም ስለ ወረቀት ብቻ ታወራላችሁ። ከዋይንበርግ ጋር ኖቤሉን የተካፈለውን ፓኪስታናዊውን አብዱስ ሰላምን እዩት። በ1951 አገሩ ላሆር ተመልሶ ማስተማር ጀመረ፤ የሚያወራው ሰው፣ የሚያነበው ነገር አጣ፤ በ1954 ጥሎ ወጣ። ያ ብቸኝነት ስለቆረቆረው በ1964 ጣሊያን ውስጥ ትሪየስቴ ላይ ለታዳጊ አገር ሳይንቲስቶች ማዕከል አቋቋመ። ከእኛም አገር ስንቱ እዚያ ተምሮ መጣ። ያ በየትኛው ሳይቴሽን ይቆጠራል? ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለም አለ። በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ ለታሳሪዎች ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ነው፤ በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር ለሰብዓዊ መብት የቆሙ ሳይንቲስቶች የሚያገኙትን የሳካሮቭን ሽልማት ሰጠው። ተማሪ ማፍራት ተፅዕኖ ካልሆነ ምን ይሆናል?

መምህርት ከሐረር፦ የምትጠሩአቸው ሁሉ ግን ጽፈዋል። ሰላም በማዕከሉ አልነበረም ኖቤል የተሸለመው፣ በሥራው ነው። ደግሞ ዛሬ እንደ ላሆሩ ዘመን አይደለም፤ ፔፐሮች የሚለጠፉበት አርካይቭ (arXiv) የተባለው ድረ ገጽ ከ1991 ጀምሮ በነጻ ክፍት ነው፤ ኔትወርክ ካለ ድሬ ሆነህ ትናንት የተጻፈውን ዛሬ ታነባለህ። ቲዎሪ ላቦራቶሪ አይፈልግም።

የሳቢያን ልጅ፦ እህቴ፣ ላቦራቶሪ አይፈልግም፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል። ሳምንቱን በክፍል ጨርሶ የፈተና ወረቀት ቁልል ቤቱ ይዞ የሚገባ ሰው መቼ ያስባል? ቁጥር ሲያስጨንቀው ከፍሎ ወደሚያወጣበት ጆርናል ይሄዳል። በሁለት ሳምንት «ተቀብለናል» ይሉታል፤ ማንም አላነበበለትም። እኔን የሚያመኝ ይሄ ነው፤ ጎበዝ ልጅ እያየነው እዚያ ውስጥ ይቀራል።

መምህርት ከሐረር፦ እሱን አልከራከርህም፣ እውነት ነው። እንግዲያው መምህሩ ምርጥ የሚላቸውን ሦስት ሥራዎች ያቅርብ፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ሁለት የመስኩ ሰዎች አንብበው በጽሑፍ ይፍረዱ። አንባቢዎቹን ግን መምህሩም አለቃውም አይምረጡ። ቁጥሩ ዝቅተኛ መግቢያ ሆኖ ይቆይ፤ እሱን አለቅም።

የከዚራው፦ በሦስቱ ሥራ እስማማለሁ። በመግቢያው አልስማማም፤ ሂግስን የሚያስቀረው እሱ ነው። አንባቢው ተግቶ እንዲያነብስ ማን ይከፍለዋል? የሴኔት ነገር የምታውቁ ካላችሁ እስቲ ግቡበት።