ለሚስዮናዊነት እየሠለጠኑ ጃፓንኛ መማር

ጥያቄ፦
ወደ ጃፓን ለመላክ በሚስዮናዊነት ሥልጠና ላይ ነኝ። ቀኑ በነገረ መለኮት ትምህርት ስለሚያዝ ለቋንቋው የሚተርፈኝ ምሽቱ ብቻ ነው። ቅድሚያ የምሰጠው ለንባብ ነው ወይስ ለንግግር?

መልስ 1፦
ድምፅን የሚወክሉት ሁለቱ የጃፓንኛ ጽሕፈቶች፣ ሂራጋናና ካታካና፣ እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ፊደላት ብቻ ስላሏቸው ሳይውሉ ሳያድሩ ይጨርሷቸው። ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ የተመደቡት ካንጂ የተባሉት ከቻይንኛ የተወሰዱ የቃል ምልክቶች ግን 2,136 በመሆናቸው የዓመታት ሥራ ናቸው። ደግነቱ፣ ብዙዎቹ የጃፓንኛ መጽሐፍ ቅዱሶች ከካንጂው አጠገብ ንባቡን በደቃቅ ሂራጋና ስለሚያትሙ፣ ትርጉሙ ገና ባይገባዎትም ወንጌሉን ድምፅዎን ከፍ አድርገው ማንበብ ይችላሉ።

መልስ 2፦
ንባቡን አልቃወምም፤ ሆኖም በጃፓን ክርስቲያኖች ከሕዝቡ አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆኑ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ የሚለቅሟቸው ቃላት ለአብዛኛው አድማጭ እንግዳ ናቸው። ስለዚህ እኔ የማስቀድመው ተራውን ጭውውትና ኬይጎ የተባለውን የአክብሮት አነጋገር ነው፤ በዚህ አነጋገር የሌላው ሰው ድርጊት ከፍ በሚያደርግ ግሥ፣ የራስ ድርጊት ደግሞ ዝቅ በሚያደርግ ግሥ ስለሚነገር፣ ሁለቱን ያቀያየረ ሰው ሳያውቅ ራሱን ያከብራል። ለሚስዮናዊ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ኬይጎን ያለ አስተማሪ መለማመድ ይቻላል?

መልስ 2፦
ደንቡን ከመጽሐፍ ማጥናት ይቻላል፤ ለማን የትኛው እንደሚገባ ግን የሚያርምዎት ጃፓናዊ ያስፈልጋል።