ቀይ የቆዳ ራስ ቁር፦ «ፋየር ፓትሮል» የሚባሉት እነማን ነበሩ?

የማርቆሱ (ደብረ ማርቆስ)፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች። ለረጅም ዘመን ኒው ዮርክ የኖሩት አጎቴ ጠቅልለው ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመለሱ ካመጧቸው ዕቃዎች መካከል አንድ ያረጀ ቀይ የራስ ቁር ይገኛል። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ እንደገዙት እንጂ የማን እንደነበረ አያውቁም። ወፍራም ቆዳ ነው፤ ከአናቱ ተነሥተው ወደ ጠርዙ የሚወርዱ ስምንት ሸንተረሮች አሉት። የፊቱ ክፈፍ አጭር ሲሆን የኋላው እንደ አካፋ ረዝሞ ማጅራትን አልፎ ይወርዳል። በግንባሩ ላይ ከናስ የተሠራ የንስር ራስ አለ፤ ንስሩም በምንቃሩ አንድ የቆዳ ሰሌዳ ይዟል፤ በሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ «ፋየር ፓትሮል» የሚል ጽሑፍና የ2 ቁጥር ተሰፍቶበታል። አፍንጫዬን ወደ ውስጡ ሳስጠጋ እስከ ዛሬ ጢስ ጢስ ይላል።

እሳት አጥፊዎች ከነበሩ ስለ ምን «ፓትሮል» ተባሉ? አንዱ ጎረቤታችን የፖሊስ ነው ሲሉ ሌላው የሌሊት ዘበኛ ነው ይላሉ። ከዚህም ሌላ የኋላው ክፈፍ መሰንጠቅ ጀምሯል፤ እናቴ እንደ ጠፍርና እንደ አቁማዳ ቅቤ እንድቀባው ትመክረኛለች፤ እኔ ግን እንዳላበላሸው ፈርቼ እስካሁን አልነካሁትም። የምታውቁ ብትረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የአሮጌ ዕቃ ወዳጅ (ባሕር ዳር)፦

ወንድሜ፣ መፍራትዎ መልካም ነው፤ ቅቤውን ለጊዜው ያቆዩልኝ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። የዚህ ቁር ባለቤቶች ፖሊሶችም ዘበኞችም አልነበሩም። ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ጋር በአንድ ደወል ይወጡ፣ በአንድ ቤት ይገቡ ነበር፤ ሥራቸው ግን እሳቱን ማጥፋት ሳይሆን እሳቱ ገና ያልደረሰበትን ንብረት ከጢስና ከውሃ ማዳን ነበር። በአምስተኛው ፎቅ ላይ ለተነሣ እሳት የሚረጨው ውሃ በአራተኛው፣ በሦስተኛውና በሁለተኛው ፎቅ ላይ ወዳለው ዕቃ መውረዱ አይቀርም፤ ጨርቅ፣ ስኳር፣ ሻይና ወረቀት በተከማቸበት መጋዘን ደግሞ ውሃው ከእሳቱ የበለጠ ያጠፋል። ለዚህም ነው ደመወዛቸውን የሚከፍለው የከተማው አስተዳደር ሳይሆን ኪሳራውን የሚሸከሙት የመድን ድርጅቶች የነበሩት።

የነገሩ ሥር እ.ኤ.አ. በ1666 ለንደንን ካወደመው ታላቅ ቃጠሎ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የተቋቋሙት የእሳት መድን ድርጅቶች የራሳቸውን እሳት አጥፊዎች ቀጠሩ፤ መድን በተገባለት ቤት ግድግዳ ላይም ከእርሳስ የተሠራ ምልክታቸውን ይሰቅሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1861 በቱሊ ስትሪት የነበሩት የቴምዝ ወንዝ ዳር መጋዘኖች ሲቃጠሉ፣ ቃጫው፣ ሞራው፣ ጥጡና ስኳሩ እየነደደ እሳቱ ሁለት ሳምንት ያህል ሳይጠፋ ቆየ፤ የለንደን እሳት አጥፊዎች አለቃ የነበረው ጄምስ ብሬድዉድም በመጀመሪያው ቀን ግድግዳ ተደርምሶበት ሞተ። ድርጅቶቹ ከዚህ ኪሳራ በኋላ የማጥፋቱን ሸክም ብቻችንን አንችለውም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1866 ማጥፋቱ ወደ መንግሥታዊ አካል ሲዛወር እነርሱ ለራሳቸው ያስቀሩት ንብረት የማዳኑን ሥራ ነበር፤ የለንደን ሳልቬጅ ኮር የተባለው ጓድ የተመሠረተውም በዚያው ጊዜ ነው። ሊቨርፑል ግን በ1842 ቀድማ ነበር፤ ግላስጎው በ1873 ተከተለች። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ1984 ተበተኑ።

የእርስዎ ቁር የኒው ዮርኩ ነው። በዚያች ከተማ ገና በ1803 ፈቃደኞች ከረጢት ይዘው ወደሚቃጠል ቤት እየሮጡ ዕቃ የሚያወጡበት ማኅበር ነበር። ከ1839 ጀምሮ መድን ሰጪዎቹ ደመወዝተኛ ጓድ አቆሙ፤ በ1867 ደግሞ ማኅበራቸው ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። «ፓትሮል 2» ግሪንዊች ቪሌጅ በተባለው ሰፈር የነበረ ጣቢያ ነው። ከዚህ ጣቢያ የወጣው ኪት ሮማ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 የዓለም የንግድ ማእከል ሕንፃዎች በተደረመሱበት ዕለት ሰዎችን ሲያወጣ ሕይወቱ አልፏል። ሥራቸው የዕቃ ነው ቢባልም የሰው ነፍስ በጭንቅ ላይ ስትሆን ዕቃውን ትተው ወደ ሰው የሚሮጡ ነበሩና ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈለግሁም። ጓዱ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2006 ተዘጋ።

አሁን የቁሩን አሠራር እንመልከት። ይህን ቅርጽ ያወጣው ሄንሪ ግራታካፕ የተባለ፣ የመንገደኛ ሻንጣ ሠሪም ፈቃደኛ እሳት አጥፊም የነበረ የኒው ዮርክ ሰው ነው፤ ውሃ የሚችል የሻንጣ ቆዳ ያውቅ ስለነበር እውቀቱን ወደ ራስ ቁር አዛወረው። ሸንተረሮቹ የሚወድቀውን ዕቃ ኃይል ይከፋፍላሉ፤ ረጅሙ የኋላ ክፈፍ ውሃውንና ፍሙን ከማጅራት ያርቃል። ከሚነደው ፎቅ በታች ቆሞ የፈላ ውሃ ለሚወርድበት የፓትሮል ሰው ይህ ክፈፍ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያስቡት። በለንደን ግን ብሬድዉድን በአለቅነት የተካው ካፒቴን ሾው የፓሪስን እሳት አጥፊዎች አይቶ ያስገባው የናስ ቁር ነበር፤ በጉልላቱ ላይ ዘንዶ ተቀርጾበት እንደ ወርቅ ያብረቀርቃል፤ ነገር ግን ናስ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ሽቦ በየቤቱ ሲገባ አደገኛ ሆነና እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ተተወ። ለውበት የናሱን የሚመርጡ ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን የቆዳውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ክፍሉ ለአንድ ሥራ ተብሎ ተሰፍቷል።

ቀይ ቀለም የፓትሮሉ መለያ ነበር፤ ሆኖም በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የመኮንኖች ቀለም የሆነበትም ቦታ ስላለ ማስረጃው ቀለሙ ሳይሆን የግንባሩ ጽሑፍ ነው። ለጌጥ የሚሠሩ ቅጂዎችም ስለሚሸጡ ውስጡን በመብራት ይዩት፤ የመርፌ ቀዳዳና የቆዳ ጭረት ካልታየ፣ በጣትዎ ሲመቱትም እንደ ፕላስቲክ ቢያስተጋባ ይጠርጥሩ።

ቅቤውን በተመለከተ እናትዎን በአክብሮት አሳምኗቸው። ቅቤ የሚበጀው ለሚታጠፍና ለሚጎተት ቆዳ ነው። ይህ ግን ሆን ተብሎ እንዲደርቅና እንዲጠነክር የተደረገ፣ በላዩም ቀለም የተቀባ ቆዳ ነውና ስብ ሲገባው ቅርጹን ያጣል፣ ቀለሙ ይነሣል፣ አይጥም ይጠራል። በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ያራግፉለት፤ ከፀሐይና ከምድጃ ያርቁት፤ በክረምት እንዳይሻግት አየር የሚያገኝበት ቦታ ላይ ያስቀምጡት። በክፈፉ አይስቀሉት፤ ከውስጥ በጨርቅ ደግፈው ያስቀምጡት። በውስጠኛው ሽፋን የቀረው ጥላሸት መርዛማ ሊሆን ስለሚችል ልጆች በራሳቸው ላይ አያድርጉት፤ እርስዎም ከነኩት በኋላ እጅዎን ይታጠቡ።

ነጋዴው (ቡሬ)፦

የባሕር ዳሩ ወንድማችን ስለ ውሃ የጻፉትን እኔ በራሴ ሱቅ አይቼዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከግድግዳዬ ማዶ ያለ ሱቅ ተቃጠለ። እሳቱ ወደ እኔ አልተሻገረም፤ ወደ ጣሪያው የተረጨው ውሃ ግን ሌሊቱን በሙሉ በኮርኒሱ ወደ ሱቄ ሲንጠባጠብ አደረ። ሲነጋ በሩን ብከፍት የስኳሩ ጆንያ እንደ ባዶ ከረጢት ወለሉ ላይ ተኝቷል፤ ስኳሩ ቀልጦ ከበሩ ሥር ወጥቷል፤ የአቡጀዲው ጥቅል ከሥሩ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ የልጆች ደብተር አንዱ ከአንዱ ተጣብቋል። አንድ ሸራ የሚያለብስ ሰው በዚያች ሰዓት ቢገኝ ግማሹ ይተርፍልኝ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሸራውን እንዴት ያነጥፉ እንደነበር ቢያብራሩልን ለእኛ ለነጋዴዎች ይጠቅመናል።

የአሮጌ ዕቃ ወዳጅ (ባሕር ዳር)፦

አይዞዎት፤ የደረሰብዎት በእውነት ያሳዝናል። አሠራራቸው ይህን ይመስላል፦ ዕቃውን ከግድግዳ አርቀው ወደ ክፍሉ መካከል ይሰበስቡታል፤ የሚረጥበው ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ስለሆነ ከወለሉ ያነሡታል፤ ከዚያ ሁለት ሰዎች በልዩ አጣጣፍ የታጠፈውን ውሃ የማያስገባ ሸራ በአንድ ውርወራ ዘርግተው ያለብሱታል። ከኮርኒስ ለሚወርደው ውሃ ሌላ ሸራ እንደ አሸንዳ ጠቅልለው ወደ መስኮት ወይም ወደ ደረጃ ይመሩታል። በወለሉ ላይ ሰጋቱራ በትነው ውሃውን ይገድባሉ፣ ከዚያም ይጠርጋሉ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ራሱ የሚረጨውን የጣሪያ ቧንቧ በሽብልቅ ይደፍናሉ፤ የተበሳውን ጣሪያ ይሸፍናሉ። ለሱቅዎ ዕቃውን ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ መደርደርና አንድ ሰፊ ሸራ በበሩ አጠገብ ማኖር ከሁሉ የሚቀልለው ነው።

ዘዲማ (ቢቸና)፦

ውይይቱን በደስታ ተከታትያለሁ። ይህ ሥራ በእኛም አገር ስም ሳይወጣለት የኖረ ይመስለኛል። የሣር ክዳን ያለው ቤተ ክርስቲያን እሳት ሲይዘው ጊዜ አይሰጥም፤ ካህናቱ ወደ መቅደስ ገብተው ታቦቱን ሲያወጡ ዲያቆናቱና ተማሪዎቹ ወደ መጻሕፍቱ ይሮጣሉ። የብራና መጻሕፍት በቆዳ ማኅደራቸው ሆነው በማንገቻቸው በግድግዳ ላይ ስለሚሰቀሉ አንድ ተማሪ በጭንቅ ሰዓት ሦስት አራቱን በትከሻው አንግቶ መውጣት ይችላል። ብራና ውሃ ሲነካው ይኮማተራል፣ ቀለሙም ይፈሳል፤ ስለዚህ ማኅደሩ መሸከሚያ ብቻ ሳይሆን እንደዚያ ሸራ መከለያም ነው። በብዙ ገዳማት ዕቃ ቤቱ ከቤተ መቅደሱ ተነጥሎ መሠራቱም አንዱ ሲቃጠል ሌላው እንዲተርፍ ይረዳል።

የማርቆሱ (ደብረ ማርቆስ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ውስጡን በባትሪ አየሁት፤ የመርፌው ቀዳዳ በግልጽ ይታያል፤ ከሽፋኑ ሥርም «ኬርንስ እና ወንድሙ» የሚል የአሜሪካ ሠሪ ማኅተም በከፊል ደብዝዞ አገኘሁ። እናቴ ቅቤውን መልሳ ለወጥ አውላዋለች። የክፈፉን ስንጥቅ ግን በማስቲሽ ልያዘው ወይስ ልተወው?

የአሮጌ ዕቃ ወዳጅ (ባሕር ዳር)፦

ይተዉት። ማስቲሹ ሲደርቅ ቆዳውን ስቦ ስንጥቁን ያሰፋዋል። ከሥሩ የሚደግፈው ንጹሕ ጨርቅ ካስገቡለት ባለበት ይቆያል፤ ያ ማኅተምም ዕድሜውን ለመገመት ስለሚረዳ ሽፋኑን እንዳይነቅሉት።