ሹሩባ ሲፈታ የሚወጣው ፀጉር ረግፎ ነው ወይስ ተሰብሮ?

ፒያሳ_ደሴ
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፀጉር ቤት ነው የምሠራው። ስድስት ሳምንት የቆየ ሹሩባ ስንፈታ እፍኝ የሚሞላ ፀጉር ይወጣና ደንበኛዋ «ፀጉሬን ጨረሳችሁት» ትላለች። የረገፈውን ከተሰበረው ለይቼ በዓይኗ የማሳያት እንዴት ነው? ለሁለቱስ አንድ ዓይነት ቅባት ይሠራል?

ሚዶ_ኮምቦልቻ
አብሽሪ እህቴ፣ ሳትፈቺ በፊት ሒሳቡን ንገሪያት። ጤነኛ ጭንቅላት በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ ይጥላል። ፀጉሩ ሲጎነጎን ግን የረገፈው መውጫ ስለሌለው እዚያው ጉንጉኑ ውስጥ ይቀመጣል። በ42 ቀን ከ2,100 እስከ 4,200 ዘለላ ማለት ነው። እፍኝ ቢሞላ ምን ይገርማል?

ከዚያ ከማበጠሪያው ላይ ሃያ ያህል ዘለላ ምዘዢ። መጀመሪያ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጊና ርዝመቱን እዪ። ጥቅልል ፀጉር ሳይሳብ አጭር ስለሚመስል ሁለቱን ጫፍ ይዘሽ ዘርጊው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ ጥቁር ጨርቅ ላይ አዙሪው። የረገፈ ከሆነ ርዝመቱ ራሷ ላይ ካለው ጋር ይቀራረባል፣ በአንደኛው ጫፉም ከነጭ ጤፍ ፍሬ እጅግ ያነሰች ነጭ እብጠት አለችው። ለዓይን ካስቸገረች ዘለላውን በሁለት ጣት መሐል አሳልፊው፣ መጨረሻው ላይ ትሻክርሻለች። የተሰበረው ይህች እብጠት በየትኛውም ጫፉ የለችውም። ቁርጥራጩ አንዱ ሁለት ሳንቲ፣ አንዱ ሰባት ይሆናል፤ ጫፉ እንደ ተተረተረ ክር የተሰነጠቀ ነው። አንዳንዱ መሐሉ ላይ ነጭ ነጥብ ይኖረዋል፤ እዚያ ቦታ ላይ ስታጥፊው ቀጭ ይላል።

እብጠቷን አይታ «ከነሥሩ ተነቀለ» ብላ እንዳትደነግጥ። ፀጉሩ የሚበቅልበት ሥር ቆዳው ውስጥ ቀርቷል። የወጣው ዕድሜውን ጨርሶ ሦስት ወር ያህል ያረፈ ፀጉር ነው።

ቁንድላ
የተሰበረ መሆኑን ካወቅሽ የት እንደተሰበረ ፈልጊ፤ ቦታው ጥፋተኛውን ይነግርሻል።

ከቆዳው ሁለት ሳንቲ ያህል ከፍ ብሎ ከሆነ ሪላክሰሩ (ጥቅልሉን የሚዘረጋው መድኃኒት) ቀድሞ በተቀባው ላይ ተደርቧል። መድኃኒቱ የሚነካው አዲስ የበቀለውን ብቻ ነው፤ አሮጌውን በቫዝሊን ሸፍኚው፣ በሁለት ቅብ መሐልም ቢያንስ ስምንት ሳምንት ይለፍ። ጫፍ ጫፉ ከሆነ ፒያስትራ ነው። ፀጉሩ ሳይደርቅ ፒያስትራ ሲያርፍበት «ጭስስ» የሚለው ውስጡ የቀረው ውሃ ሲፈላ ነው፤ አረፋ ይፈጥርና ፀጉሩን ከውስጥ ይቦረቡረዋል። ማጅራቷ አካባቢ ከሆነ ብርዱን ሽሽት ቀን ከሌት የምትጠመጥመው የሱፍ ሻርፕ ይፈትገዋል። ሥሩ ሳቲን ትልበስበት፤ ሂጃብ ለምትለብስም ያው ነው።

ግንባርና ጆሮ ግንድ ላይ ከሳሳ ግን ከቅባት በፊት እጅሽን አላሊ። ተጎንጉና ስትነሣ ቅንድቧ ወደ ላይ ከተሳበ ወይም ሥሩ ላይ ብጉር መሰል ነገር ከወጣ በጣም ጠብቋል፤ ያኔውኑ ይፈታ። ዓመታት ከቆየ ቦታው ጠባሳ ይዞ ጨርሶ ላያበቅል ይችላል።

ሸዋ_በር
ሚዶ ያለው ልክ ሆኖ እብጠት የታየበት ሁሉ ግን ሰላም ነው ማለት አይደለም። በጉተታ የተነቀለ ፀጉርም እብጠት ይዞ ይወጣል፤ እሱ ግን ጫፉ ጠቆር ብሎ ጄል የመሰለ ግልጽ ሽፋን ይኖረዋል። ብዛቱንም እዪ። ካልተጎነጎነ ፀጉር ላይ 60 ያህል ዘለላ በአንድነት ከቆዳው አጠገብ ያዢና በቀስታ ወደ ጫፉ ሳቢ። ከስድስት በላይ ተነቅሎ ከወጣ ከልክ አልፏል። ያኔ ከሁለትና ሦስት ወር በፊት ምን እንደገጠማት ጠይቂያት፦ ወሊድ፣ ከባድ ትኩሳት፣ ቀዶ ሕክምና፣ በአጭር ጊዜ ብዙ መክሳት። ምክንያቱ ካለፈ ብዙውን ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ ይረጋጋል። ካልቆመ የብረት ማነስና የእንቅርት ምርመራ ያስፈልጋል። ክብ ክብ እየሆነ ከተመለጠ ደግሞ ማበጠሪያውን ለሌላ ሰው ሳትነኪበት ወደ ቆዳ ሐኪም ላኪያት፤ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርብ ነው።

ፒያሳ_ደሴ
አላህ ይስጣችሁ። ለጋ ቅቤና የጉሎ ዘይትስ? ሁሉም የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው።

ቁንድላ
ለሚረግፍ ፀጉር አያስቆሙም። ለሚሰበር ግን ፀጉሩ ሲፋተግ እንዳይጎዳ ያግዛሉ፤ የተሰነጠቀውን ጫፍ መልሰው አይገጥሙትም፣ እሱ መቀስ ነው የሚፈልገው። ቅቤ ለብቻው እርጥበት ስለማይሰጥ ታጥቦ ገና እርጥብ እያለ በስሱ ይቀባ።

ለእናንተ ቤት ግን ከቅቤው የሚበልጠው የአፈታቱ ቅደም ተከተል ነው። ሹሩባው እንደተፈታ ወደ ውሃ አትውሰጃት። የረገፈው ሳይወጣ ከረጠበ ሥሩ ላይ ይለበዳል፤ ያንን ለመፍታት ስትጎትቺ ደኅናው ይበጠሳል። በደረቁ ዘይት ወይም ኮንዲሽነር አስነኪ፣ በጣትሽ ለያዪ፣ ከዚያ ጥርሱ በሰፋ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ሥር ውጪ። ሻምፖ ከዚያ በኋላ።