ጥቆማ፦ ናቫሆ ሪዘርቬሽን ላይ ለሚኖሩ አማቴ የቤት ኢንተርኔት

የጋሉፕ ነርስ፦ ሰላም ወገኖች። ባለቤቴ ናቫሆ ነው፣ ከአሜሪካ ተወላጆች ወገን። እናቱ አሪዞና ቺንሊ አጠገብ ብቻቸውን ይኖራሉ። ኤሲፒ የሚባለው የመንግሥት የኢንተርኔት ድጎማ በተወላጆች መሬት (ሪዘርቬሽን) ላይ በወር እስከ 75 ዶላር ይሸፍን ነበር፤ በ2024 ገንዘቡ አልቆ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ቻፕተር ሃውሱ (የአካባቢው የናቫሆ አስተዳደር አዳራሽ) በር ላይ መኪና አቁመው ነው ዋይፋይ የሚይዙት። ባለፈው ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ከሐኪማቸው ጋር በቪዲዮ ሲያወሩ አገኘናቸው፤ አንጀቴን በሉኝ። በሳተላይት የሚሠራው ስታርሊንክ ይሻላል ወይስ የሞባይል ኩባንያ?

አቤል ፊኒክስ፦ ቲ-ሞባይል! ስምንት ዓመቴ ነው፣ አሳፍሮኝ አያውቅም።

ሰናይት፦ አቤል፣ አንተ ያለኸው ከተማ መሃል ነው። እዚያ ገደሉ ኔትወርኩን ይጋርደዋል።

ማሙሽ፦ ሳተላይት እንዳትነኩ! ስሙን አልጠራም፣ የሁለት ዓመት ውል አስፈርመውኝ ዳታው በአሥር ቀን ያልቃል፣ ከዚያ ኢሜይል እንኳን አይከፍትም። ላቋርጥ ስል 300 ዶላር ቅጣት!

ሀና፦ ውይ! ከፈልክ?

ማሙሽ፦ ምን አማራጭ አለኝ። ዕቃውን መልሼ «አልደረሰንም» አሉኝ። የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው።

ጌች፦ አዲስ አበባ ለመደወልስ የቱ ካርድ ይሻላል?

ሰናይት፦ ጌችዬ፣ ሴትየዋ ቺንሊ ናቸው፤ ቦሌ አይደሉም።

የፍላግስታፍ እኅት፦ እኔ እንዲህ ዓይነት ፎርም አስሞላለሁ። ላይፍላይን የሚባለው ሌላው የመንግሥት የስልክና የኢንተርኔት ድጎማ አልቆመም። ሌላ ቦታ በወር 9.25 ዶላር ነው፣ ሪዘርቬሽን ላይ ግን እስከ 34.25 ይደርሳል። ሜዲኬይድ (ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጥ የጤና መድን) ወይም ፉድ ስታምፕ (የምግብ ድጎማ) ካላቸው ያልፋሉ። የቤት ቁጥር ባይኖራቸውም አትጨነቂ፣ ቤታቸውን ካርታ ላይ ማመልከት ይቻላል። ለአንድ ቤት አንድ ብቻ ነው፣ በየዓመቱም ይታደሳል፤ በተለይ የእድሳቱን ደብዳቤ እንዳይጥሉት ንገሪያቸው። መጀመሪያ የአካባቢውን የሞባይል ኩባንያዎች፣ ቾይስ ኤንቲዩኤ ዋየርለስንና ሴሉላር ዋንን ጠይቂ። ግን መብራት አላቸው?

የጋሉፕ ነርስ፦ የላቸውም፣ ትንሽ ሶላር ነው። ማታ አንድ አምፖልና ሬዲዮ ነው የሚችለው።

የፍላግስታፍ እኅት፦ እንግዲያው የሳተላይቱ ሳህን ይከብደዋል፣ እንደበራ ነው የሚውል የሚያድረው። ትንሿ የሞባይል ራውተር ኃይል አትፈጅም። ከመፈረማችሁ በፊት ግን የሁለቱንም ሲም በር ላይ፣ ጓዳም ገብታችሁ ሞክሩት።

አቤል ፊኒክስ፦ እኔ አሁንም ቲ-ሞባይል ነው የምለው።

ማሙሽ፦ ውል እንዳይፈርሙ ብቻ!

የጋሉፕ ነርስ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ሁለቱንም ሲም ይዘን እንሄዳለን።

ሀና፦ ከምን ደረሳችሁ?