እናቴ ደረጃ 3 የጡት ካንሰር አለባት ተባለ፤ ኬሞ ልትጀምር ነው፣ ምከሩን

ጥያቄ፦ የዘጌ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 52 ዓመቷ ነው። ግራ ጡቷ ላይ የነበረውን እብጠት «አያመኝም» እያለች ደብቃን ኖራ፣ ቆዳው ሲጠነክርና ብብቷ ሥር ንፍፊት ሲወጣ ነው ያሳየችኝ። ባሕር ዳር ወስጄ አስመረመርኳት። ናሙና ተወስዶ ካንሰር ነው ተባለ። የደረት ራጅና የሆድ አልትራሳውንድ ከታየ በኋላ ሐኪሙ «ደረጃ 3 ነው፤ መጀመሪያ ኬሞ፣ ቀጥሎ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ጨረር» አለን። ወረፋው ብዙ ስለነበር እንደልቤ መጠየቅ አልቻልኩም።

ደረጃ 3 ማለት ያለቀለት ነው? ለምን ቶሎ አይቆረጥላትም? አጎቴ «ይቆረጥና ትገላገል» ይላል፣ አክስቴ ደግሞ «ቢላ ከነካው ይበተናል» ትላለች። ቤታችን ዘጌ ነው፤ ከዚያ እየተመላለስን ማሳከም እንችላለን? ለእሷ ደግሞ የበሽታውን ስም ገና አልነገርናትም።

መልስ፦ ሲስተር (የካንሰር ክፍል ነርስ)

እህቴ፣ አይዞሽ። አላለቀም።

ደረጃ የሚወጣው እብጠቱ ምን ያህል እንደሆነና ቆዳ ወይም የደረት ግድግዳ መያዙ፣ የብብት ንፍፊት ውስጥ መግባቱ፣ ከዚያም ወደ ሳንባ፣ ጉበት፣ አጥንት ወይም አንጎል መሄድ አለመሄዱ ታይቶ ነው። ራጁና አልትራሳውንዱ የታዘዙት ለዚህ ነው። ደረጃ 3 ሲባል በሽታው ጡቱና ብብቱ አካባቢ ገፍቷል፣ ሩቅ አካል ላይ ግን አልታየም ማለት ነው። ስለዚህ ሕክምናው የሚታቀደው ለማዳን ነው። ደረጃ 4 ቢሆን ዋናው ሐሳብ በሽታውን መያዝ፣ ሕመሙን ማስታገስና ዕድሜን ማራዘም ይሆን ነበር። ልዩነቱን ለአጎትሽም ንገሪው፤ ብዙ ቤተሰብ «3» የሚለውን ሰምቶ ሕክምናውን ይተዋል፣ ያ ነው የሚያሳዝነኝ።

ኬሞው የቀደመው እብጠቱን ለማሳነስ ነው። ቆዳ የያዘ እብጠት እንዳለ ቢቆረጥ ጠርዙ ላይ በሽታ ሊቀር ይችላል። ቀድሞ ሲሰጥ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑም በየዙሩ ሲዳሰስ ይታወቃል። «ቢላ ከነካው ይበተናል» የሚባለው እውነት አይደለም። በጣም ዘግይተው የመጡ ሰዎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሲብስባቸው ስለሚታይ ጥፋቱ በቢላው ላይ ተላከከ እንጂ።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ 4 ዙር፣ ከዚያ ፓክሊታክሰል 4 ዙር ነው፤ በየ21 ቀኑ። ወደ ስድስት ወር ይጠጋል። ከመጀመሯ በፊት የልብ አልትራሳውንድ መታየቱን አረጋግጪ፣ ዶክሶሩቢሲን ልብን ሊጎዳ ስለሚችል። ሌላም አንድ ነገር፦ ከናሙናው ላይ የሆርሞን ተቀባይና የኸርቱ (HER2) ምርመራ መሠራቱን ጠይቂ፤ ካንሰሩ በሆርሞን ወይም ኸርቱ በሚባል ፕሮቲን የሚያድግ መሆኑን ያሳያሉ። ሆርሞን ተቀባዩ ካለባት ኬሞው ሲያልቅ ታሞክሲፈን የሚባል እንክብል በየቀኑ ቢያንስ ለ5 ዓመት ትወስዳለች። ዋጋው ከሌሎቹ መድኃኒቶች ጋር ሲታይ ቀላል ነው፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። የናሙናውን ውጤት ወረቀት እንዳትጥሉት።

መልስ፦ እትዬ ከሽምብጥ

ልጄ፣ እኔ በዚሁ መንገድ አልፌ ዛሬ ገበያ የምወርድ ሰው ነኝ። ሲስተር ያለችውን ልድገምልሽ አልፈልግም፣ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ልንገርሽ።

የመጀመሪያው መድኃኒት ቀይ ነው። ሽንቷ አንድ ሁለት ቀን ቢቀላ ደም መስሏት እንዳትደነግጥ ቀድመሽ ንገሪያት። መድኃኒቱ እየገባ ሳለ ክንዷን ካቃጠላት ግን «ልቻለው» ብላ ዝም እንዳትል፣ ወዲያው ነርሷን ትጥራ። ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያቆስላል። የእኛ እናቶች ችሎ ዝም ማለትን እንደ ጨዋነት ስለሚያዩት ነው ይህን አጥብቄ የምልሽ።

የማቅለሽለሽ መድኃኒቱን እስኪያስመልሳት አትጠብቂ፤ እንደታዘዘው በሰዓቱ ስጫት። ምግብ ጥቂት ጥቂት ይሁን። የወጥ ቁሌት ሽታ ያስጠላታል፣ ሽንኩርት የሚቁላላው እሷ ከምትተኛበት ራቅ ይበል። እኔን የያዘኝ ቀዝቀዝ ያለ አጥሚት፣ ድንች ቅቅልና አልጫ ሽሮ ነበር። ቆሮሶ ዓሣ በደንብ የበሰለ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ለሰውነት ይሆናል። ጥሬ ሥጋ፣ ያልተፈላ ወተትና የቤት እርጎ ግን እስክትጨርስ ይቅር። ውኃ አፍልታችሁ ስጧት፣ ብዙ ትጠጣ፤ ሳይክሎፎስፋማይዱ ፊኛዋን እንዳያቃጥላት።

አፏ ከቆሰለ በርበሬ ይቁም። ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣ በቀን አራት አምስት ጊዜ ትጉመጥመጥ፣ አትዋጠው። ፀጉር ከመጀመሪያው ዙር በኋላ በሁለተኛው ሦስተኛው ሳምንት ይረግፋል። እኔ ቀድሜ አሳጥሬ ተቆረጥኩ፣ ሻሽም አዘጋጀሁ፤ ትራስ ላይ ከሚረግፍ ይሻላል። ተመልሶ ይበቅላል። ፓክሊታክሰሉ ላይ ስትደርስ ደግሞ እጅና እግሯን ሊያደነዝዛት፣ አጥንቷን ሊቆረጥማት ይችላል። ከባሰ ለሐኪሙ ይነገር፣ መጠኑን ያስተካክላል። በባዶ እግር እንዳትሄድ፣ ምድጃ ላይም ትጠንቀቅ።

መልስ፦ ከወረታ

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ግን ከሁሉም የሚበልጥ ይመስለኛል። ትኩሳት። እኛ ጣና ዙሪያ ያለን ሰዎች ትኩሳት ሲመጣ አፋችን ላይ የሚመጣው «ወባ ነው» ነው። ፓራሲታሞል ይዋጣል፣ ይተኛል፣ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይኬዳል። ኬሞ ላይ ያለ ሰው እንዲህ ካደረገ ሊሞት ይችላል። ከመድኃኒቱ በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን አካባቢ ነጭ የደም ሴሏ በጣም ይወርዳል፣ ትንሽ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ደም ውስጥ ይገባል። ቴርሞሜትር ግዙ። 38 ዲግሪ ከደረሰ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። ሳይለካ ፓራሲታሞል አይሰጣት፣ ትኩሳቱን ይደብቀዋል። እዚያ ስትደርሱ መጀመሪያ የሚወጣው ቃል «ኬሞ ላይ ናት» ይሁን። የወባ ምርመራውም የደም ቆጠራውም አብረው ይሠሩላታል። አጎበር ውስጥ ትተኛ።

የዘጌ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ሌሊቱን ትንሽ እንቅልፍ ወሰደኝ። ግን የወረታው ወንድሜ ያልከው አስጨነቀኝ። ማታ ከዘጌ ጀልባ የለም፣ መኪናም እንደልብ አይገኝም። እናቴ ደግሞ ቤቷን ጥላ መውጣት አትወድም። ሌላው፣ ዘመዶች ጸበል ይቅደም ይላሉ፣ ጾሙም ደርሷል።

ሲስተር፦

እንግዲያው ቢያንስ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ያሉትን ሁለት ሳምንታት ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ትቆይ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሰውነቷ ሲያገግም ዘጌ ሄዳ ቤቷንና ቡናዋን አይታ ትመለስ። ዘመድ ከሌለ ለሐኪሙ ንገሪው፤ የታካሚው ቤት ሩቅ መሆኑ በሕክምናው ዕቅድ ውስጥ መግባት ያለበት ነገር ነው። ዙር እንዳያልፍባት፤ ደሟ ወርዶ ሐኪሙ ካላራዘመው በስተቀር ቀኑ ቀኑ ነው።

ስሙን ስለመንገር፦ ፀጉሯ ሲረግፍ፣ አጠገቧ የተኛችው ሴት ስታወራ ታውቀዋለች። ከአንቺ ብትሰማው ይሻላል። ትኩሳቱን መጀመሪያ የምትሰማው እሷ ናት፤ ምን እንደታመመች የማታውቅ ሰው «ብርድ ነው» ብላ ትተኛለች። «ምን የመሰለሽ ነው?» ብለሽ ጠይቂያት። ብዙ እናቶች ቀድመው ያውቁታል፣ እኛን ላለማስጨነቅ ነው ዝም የሚሉት። የሚከብድሽ ከሆነ እኔም ሆንኩ ሐኪሟ ባለንበት ይነገራት።

እትዬ ከሽምብጥ፦

ጸበሉን አትከልክሏት፣ እኔም ተጠምቄያለሁ። ከመድኃኒቱ ግን አይለያይ። አቡነ ጳውሎስ ነፍሳቸውን ይማርና ለኤችአይቪ ታማሚዎች ጸበሉም መድኃኒቱም አብሮ ይሁን ብለው አልነበር? ደሟ በሚወርድባቸው ቀናት ሰው የሚጋፋበት ቦታ አትሂድ፣ ያኔ የሚጠጣው ቤት መጥቶ ይፈላ። ጾሙን ደግሞ ለንስሐ አባቷ ንገሩት፣ ለታመመ ሰው ይፈታል። የእኔ አባት «ብይ ልጄ» ነው ያሉኝ። ደግሞ ሰው የሚያመጣውን ቅጠላ ቅጠል ለሐኪሙ ሳታሳዩ እንዳትሰጧት፣ ጉበት ላይ ከመድኃኒቱ ጋር ይጋጫል።

መልስ፦ አዲስ አበባ ተመላላሽ

ስለ ጨረሩ ከአሁኑ አስቡበት። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁን ጅማና ሐረርም ተጀምሯል፣ ወረፋ ግን አለ። ቀዶ ሕክምናው እስኪያልቅ ሳትጠብቁ ሪፈር ወረቀቱንና የወረፋ ምዝገባውን ሐኪሙን ጠይቁት። የጤና መድን ደብተር ካላችሁ ክፍያው ታድሶ ይቆይ፤ ያለ ሪፈር ወረቀት ስለማይሠራም ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ያለውን ወረቀት ሁሉ ያዙ። አዲስ አበባ ማደሪያ ለሚቸግረው ከክልል ለመጣ ታካሚ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ማረፊያ አለው፤ ቦታ መኖሩን ቀድማችሁ ደውሉ።

የዘጌ ልጅ፦

ማታ ነገርኳት። «አውቄዋለሁ፤ አንቺ እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው» አለችኝ። ቀበሌ 13 ያለች የአክስቴ ልጅ ቤት እንድትቆይ ተስማምተናል፣ ቴርሞሜትርም ገዝቻለሁ። ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ብብት ሥር ነው የሚለካው ወይስ አፍ ውስጥ?

ሲስተር፦

ብብት ሥር ይሁን፣ እብጠት በሌለበት በቀኝ በኩል። አፍ ውስጥ ቁስል ሊኖር ይችላል። የብብቱ ልኬት ከአፉ ዝቅ ስለሚል 37.5 ካየሽ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድገሚው፤ ካልወረደ ወይም ብርድ ብርድ ካላት 38 እስኪሞላ አትጠብቂ፣ ይዘሻት ነይ።