በጋኦካኦ ቅርጽ የተዘጋጀ የንባብ ፈተና፦ የምለካው ምንባቡን መረዳትን ነው ወይስ ፈተና መፈተን ማወቅን?

ጠያቂ (ከዉሃን)

ጤና ይስጥልኝ። በዉሃን ከተማ በተግባራዊ ሥነ ልሳን የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን በመከታተል ላይ የምገኝ ኢትዮጵያዊት ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ፣ በከተማዋ ባለ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማሩ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብበው የመረዳት ችሎታቸውን የሚለካ ፈተና ማዘጋጀት ይጠበቅብኛል። ለተማሪዎቹ የለመዱት ቅርጽ ይሻላል ብዬ ስላሰብሁ የቻይናን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ብሔራዊ ፈተና፣ ጋኦካኦን፣ መነሻ አድርጌያለሁ።

ቅርጹን ለማያውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ዉሃን የምትገኝበትን ሁቤይን ጨምሮ በርካታ ጠቅላይ ግዛቶች በሚጠቀሙበት ወረቀት እንግሊዝኛ ከጠቅላላው 750 ነጥብ 150ውን ይይዛል፤ ጊዜውም ማዳመጥን ጨምሮ 120 ደቂቃ ነው። ንባብ ከ150ው 50 ነጥብ አለው። ከዚህ ውስጥ 37.5ቱ የሚገኘው አራት ምንባቦችን ተከትለው ከሚመጡ 15 ባለአራት አማራጭ ጥያቄዎች ነው፤ ቀሪው 12.5 ደግሞ አምስት ዐረፍተ ነገሮች የጎደሉበትን ምንባብ አንብቦ፣ ከቀረቡት ሰባት ዐረፍተ ነገሮች ተገቢዎቹን አምስቱን በየቦታቸው ከመመለስ የሚገኝ ነው። የመጀመሪያው ምንባብ አብዛኛውን ጊዜ ማስታወቂያ ወይም የጉብኝት መርሐ ግብር የመሰለ ጽሑፍ ሲሆን፣ አራተኛው አንድን የሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ኑሮ ጉዳይ የሚያብራራ ከበድ ያለ ጽሑፍ ነው።

እኔም በዚሁ መልክ አራት ምንባቦችንና 15 ጥያቄዎችን አዘጋጅቼ ለጥቂት ፈቃደኛ ተማሪዎች በሙከራ ሰጠሁ። ከጨረሱ በኋላ እያንዳንዳቸውን በቻይንኛ አነጋገርኋቸው። ያስደነገጠኝ ነገር የመጣው እዚህ ላይ ነው። ከሁሉም የተሻለ ውጤት ያገኘው ልጅ አራተኛው ምንባብ ስለ ምን እንደሆነ እንዲነግረኝ ብጠይቀው ሊነግረኝ አልቻለም። እንዴት እንደመለሰ ስጠይቀው ግን ምንም ሳይደብቅ አስረዳኝ፦ መጀመሪያ ጥያቄውን ያነብባል፤ በጥያቄው ውስጥ ያለውን ቁልፍ ቃል በምንባቡ ውስጥ ፈልጎ ያገኛል፤ የምንባቡን ቃል እንዳለ የደገመውን አማራጭ ወጥመድ ነው ብሎ ይጥላል፤ ያንኑ ሐሳብ በሌላ ቃል የሚናገረውን ይመርጣል። በአንጻሩ ዝቅተኛ ውጤት ካመጡት አንዷ ተማሪ የዚያኑ ምንባብ ሐሳብ ከነምክንያቱ አንድ በአንድ በቻይንኛ ተረከችልኝ። ጥያቄዎቹን የሳተችው በሁለት ተቀራራቢ አማራጮች መካከል መወሰን አቅቷት ነበር።

እነዚህን ሁለት ልጆች ካነጋገርሁ ወዲህ ነጥቡን ማመን ከብዶኛል። የምርጫ ጥያቄዎቹን ልተዋቸው ወይስ ላሻሽላቸው? ከተውኋቸውስ ጥያቄውን በየትኛው ቋንቋ ልጠይቅ? በምዘና ልምድ ያላችሁ ብትረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1 (የምዘና መምህር፣ አዲስ አበባ)

እህቴ፣ ያዩት ነገር ከባድ ቢሆንም በጊዜ ማየትዎ መልካም ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ነጥቡን ሰብስበው ሠንጠረዥ ከሠሩ በኋላ እንኳ ተማሪውን ቁጭ አድርገው አይጠይቁትም።

ከሁሉ አስቀድመው አንድ ቀላል ፍተሻ ያድርጉ። ጥያቄዎቹንና አማራጮቹን ብቻ፣ ምንባቦቹን ሳይጨምሩ፣ ፈተናውን ላላዩ ሌሎች ተማሪዎች ይስጡ። ባለአራት አማራጭ ጥያቄን በጭፍን የሚገምት ሰው በአማካይ ከአራት አንዱን ያገኛል፤ ስለዚህ ከ15ቱ ሦስት ወይም አራት ቢያገኙ የሚጠበቅ ነው። ስምንትና ዘጠኝ ካገኙ ግን ጥያቄዎቹ ያለ ምንባቡ የሚመለሱ ናቸው ማለት ነው። ይህ ችግር የቻይና ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ አንድ የታወቀ ጥናት በአሜሪካው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና፣ በኤስኤቲ፣ የንባብ ጥያቄዎች ላይ ተመሳሳይ ፍተሻ ተደርጎ፣ ምንባቡን ያላዩ ተፈታኞች በግምት ከሚገኘው በላይ ማምጣታቸው ታይቷል።

የዚህ መንስኤ አንዳንድ ጊዜ አማራጩ ነው፦ ትክክለኛው መልስ ከሌሎቹ ይረዝማል፣ ወይም የተጠነቀቀ አነጋገር ያለው እርሱ ብቻ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ግን መንስኤው የምንባቡ ርእስ ነው። ስለ ፓንዳ ወይም ስለ ባቡር መንገድ መስፋፋት የተጻፈ ምንባብ ለዉሃን ልጅ ከሰጡት፣ የሚመልሰው ከሚያውቀው እንጂ ካነበበው ላይሆን ይችላል። የዚህ ተቃራኒም አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ ጥናት ለሕንዳውያንና ለአሜሪካውያን አንባቢዎች ስለ ሕንድና ስለ አሜሪካ ሠርግ የተጻፉ ሁለት ደብዳቤዎችን ሰጥቶ፣ ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸውን ወግ የያዘውን ፈጥነው እንዳነበቡና የበለጠ እንዳስታወሱ፣ የሌላውን ደግሞ አጣምመው እንደተረዱ አሳይቷል። እንግዲህ ርእሱ ለልጆቹ ፈጽሞ ባዕድ ያልሆነ፣ ነገር ግን መልሱን አስቀድመው የማያውቁት መሆን አለበት። በእኔ ልምድ ከፈተና ዝግጅት ሁሉ ረጅሙን ጊዜ የሚወስደው እንዲህ ዓይነት ምንባብ ማግኘት ነው።

መልስ 2 (ሃንግዡ የምኖር የእንግሊዝኛ መምህር)

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ነገር ግን የልጁን ዘዴ ሙሉ በሙሉ እንዳይንቁት አደራ እላለሁ። አንድ ሐሳብ በሌላ ቃል ሲነገር መለየት ራሱ የንባብ ችሎታ አካል ነው። ፈተና አዘጋጆቹም ትክክለኛውን መልስ በሌላ ቃል የሚጽፉት ቃል ብቻ የሚያመሳስል ተማሪ እንዳያገኘው አስበው ነው። ችግሩ መምህራን ይህንን አውቀው ሕግ አድርገው ማስተማራቸው ላይ ነው። ተማሪዎቼ ሁሉ በቃላቸው የሚያውቁት አንድ አባባል አለ፦ «ሦስቱ ረጅም አንዱ አጭር ከሆነ አጭሩን ምረጥ፤ ሦስቱ አጭር አንዱ ረጅም ከሆነ ረጅሙን ምረጥ።» ይህንን የሚሉት ሰነፎቹ ብቻ አይደሉም። ለሦስት ዓመት ሙሉ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ሲሠራ የኖረ ጎበዝ ተማሪም ሰዓት ሲያልቅበት ይለዋል። ቻይናውያን ይህንን ኑሮ «የጥያቄ ባሕር» ይሉታል፤ ልጆቹን እዚያ ባሕር ውስጥ ሲቀዝፉ ያየ ሰው ሊፈርድባቸው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2024 ለጋኦካኦ የተመዘገቡት 13.42 ሚሊዮን ተፈታኞች ነበሩ፤ አንዲት ነጥብ በውጤት ተራው ላይ ብዙ ሰው ታሳልፋለች ወይም ታስቀድማለች።

ምርጫን ለመተው ከወሰኑ አርአያ የሚሆንዎ እዚያው ቻይና ውስጥ አለ። ቤጂንግ የራሷን ወረቀት የምታዘጋጅ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ወረቀቱ ተማሪው ምንባብ አንብቦ በራሱ ቃል የሚመልሳቸው አራት ጥያቄዎች አሉት። ከእነርሱ አንዱን እጅግ እወድደዋለሁ፦ ስለ ምንባቡ አንድ ዐረፍተ ነገር ይሰጣል፤ ተማሪው የዐረፍተ ነገሩ ስሕተት የቱ ላይ እንደሆነ ለይቶ ያሰምርበታል፣ ከዚያም ለምን ስሕተት እንደሆነ ያስረዳል። ርዝመትን አይቶ መምረጥ እዚህ አይሠራም። የሻንጋይ ወረቀት ደግሞ ምንባቡን በ60 ቃላት አሳጥሮ መጻፍን ይጠይቃል። በእነዚህ ቅርጾች ያቺ ታሪኩን የተረከችልዎ ተማሪ የሚገባትን ነጥብ የምታገኝ ይመስለኛል፤ በእንግሊዝኛ መጻፍ ካላቃታት በቀር።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የጥያቄን ክብደት በዓይን አይተው አይወስኑ። እኔ በምኖርበት በዠጂያንግ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 የተሰጠው የጋኦካኦ እንግሊዝኛ ከቀደመው ዓመት ይልቅ ከብዶ ተገኘ። በዚህ ግዛት እንግሊዝኛ ሁለት ጊዜ ተፈትኖ የተሻለውን ውጤት መያዝ ይቻል ስለነበር፣ የሁለት ጊዜ ውጤቶች እንዲመጣጠኑ ተብሎ በአንዳንድ የንባብ ጥያቄዎችና በጽሑፍ ክፍሉ ላይ ነጥቡ ተስተካከለ። ወላጆች ማስተካከያው ልጆቻችንን በድሏል ብለው አጥብቀው ተቃወሙ፤ ጉዳዩ ተመርምሮ በታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ማስተካከያው ተሰረዘና ሁሉም የመጀመሪያ ነጥቡ ተመለሰለት። ጋኦካኦ በምስጢር የሚያዝ ስለሆነ ጥያቄዎቹን በተማሪ ላይ አስቀድሞ መሞከር አይቻልም። እርስዎ ግን ይችላሉ፤ ዕድሉን ይጠቀሙበት።

መልስ 3 (ከቻይንኛ ወደ አማርኛ የምተረጉም)

ስለ ምዘና ስሌት የምለው የለኝም፤ ስለ ዐረፍተ ነገር አሠራር ግን አንድ ነገር ላንሣ። በቻይንኛ ገላጩ ሐረግ ከስሙ ይቀድማል፤ ልክ እኛ «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» እንደምንለው ማለት ነው። እንግሊዝኛ መጽሐፉን አስቀድሞ የገዛሁትን ያስከትላል፤ ከዚያም በላዩ ሌላ ገላጭ ይጨምርበታል። በአራተኛው ዓይነት ምንባብ ውስጥ በባለቤቱና በግሱ መካከል አሥራ አምስት ቃል ሊገባ ይችላል። ተማሪው ቃሉን ሁሉ እያወቀ ማን ምን እንዳደረገ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ በልጅነታችን እንግሊዝኛ ስናነብ እኛም የምንሰናከለው እዚሁ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ባሉ ዐረፍተ ነገሮች ላይ በቀጥታ የሚያነጣጥሩ ጥቂት ጥያቄዎች ቢያስገቡ፣ ተማሪው የከበደው ቃሉ ይሁን አወቃቀሩ ለመለየት ይረዳዎታል።

ቃላትንም ይቁጠሩ። ሥርዓተ ትምህርቱ ለጋኦካኦ የሚጠይቀው ከ3,000 እስከ 3,200 ቃላትን ነው። ያለ እገዛ በሚገባ ለመረዳት አንባቢው ከምንባቡ ቃላት 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ እንዳለበት በዘርፉ በሰፊው ይጠቀሳል። ከመቶ ቃል ውስጥ ሁለት ብቻ እንግዳ ሊሆን ነው ማለት ነው። ምንባብዎ ከዚህ በላይ እንግዳ ቃል ካለው፣ ጋኦካኦ ራሱ አንዳንድ ጊዜ እንደሚያደርገው፣ የቃሉን ፍቺ በቅንፍ በቻይንኛ ይስጡ።

ጠያቂ (ከዉሃን)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምንባብ ሳይሰጥ የመፈተኑን ሐሳብ በሌላ ክፍል ላይ በዚህ ሳምንት እሞክራለሁ። ምርጫውን በሙሉ ከመተው ይልቅ ስምንቱን አሻሽዬ ላስቀር፣ በተረፉት ፈንታ ደግሞ አራት የራስ ቃል ጥያቄዎችንና አንድ «የተረዳኸውን ሁሉ ጻፍ» የሚል ትእዛዝ ላስገባ አስቤያለሁ። መምህር፣ እነዚህን በቻይንኛ እንዲመልሱ ብፈቅድ «እንግሊዝኛን በቻይንኛ ለካሽ» ተብዬ እወቀስ ይሆን? የአማካሪዬም ስጋት ይኸው ነው።

መልስ 1 (የምዘና መምህር፣ አዲስ አበባ)

ሊወቀሱ አይገባም፤ ምክንያቱን ግን በጽሑፍዎ ውስጥ በግልጽ ያስቀምጡ። የሚለኩት ንባብን ከሆነ፣ ተማሪው በእንግሊዝኛ መጻፍ ስላቃተው የተረዳው ነገር ሊሰረዝበት አይገባም። አንባቢ በሁለተኛ ቋንቋ ያነበበውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲያስታውስ ማድረግ በንባብ ጥናት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የቆየና የተከበረ ዘዴ ነው። ምንባቡ እንግሊዝኛ እስከሆነ ድረስ ወደ ሐሳቡ የሚያደርሰው መንገድ እንግሊዝኛው ብቻ ነው።

ትልቁ ሥራ እርማቱ ነው። ተማሪዎቹ ከመጻፋቸው በፊት ምንባቡን ወደ ሐሳብ ክፍሎች ይከፋፍሉት፤ ዋናውን ሐሳብ፣ ደጋፊውንና ዝርዝሩን ይለዩ፤ ለእያንዳንዱም ነጥብ ይወስኑ። ይህንን ከእርስዎ ሌላ አንድ ቻይናዊ መምህር ለብቻው ይሥራውና ያስተያዩ። ከዚያ ሁለታችሁም ያንኑ የተማሪ ወረቀት ሳትመካከሩ አርሙ። በሰፊው ከተለያያችሁ መመሪያው ግልጽ አይደለምና እንደገና ይጻፍ። የእጅ ጽሑፍ ማማር ልብን ይስባል፤ ስለዚህ መልሶቹ በኮምፒዩተር ተጽፈው ስም ሳይኖርባቸው ቢታረሙ እመርጣለሁ።

ለስምንቱ ምርጫዎች በጠቅላላ ነጥብ ከፍተኛውን 27 በመቶና ዝቅተኛውን 27 በመቶ ተማሪዎች ለይተው፣ እያንዳንዱን ጥያቄ ከሁለቱ ወገን ስንቱ እንደመለሰው ያወዳድሩ። ደካሞቹ ከጎበዞቹ እኩል ወይም በበለጠ የሚመልሱት ጥያቄ ካለ ያውጡት። ማንም ያልመረጠውን አሳሳች አማራጭም ይቀይሩ፤ እንዲህ ያለ አማራጭ ጥያቄውን ሳያውቁት ባለሦስት አማራጭ ያደርገዋል።

ትልቁ ሙከራ በሰኔ መጀመሪያ አካባቢ እንዳይሆን ያስቡ። ጋኦካኦ በሁቤይ የሚሰጠው በፈረንጆች አቆጣጠር ከሰኔ 7 እስከ 9 ስለሆነ ትምህርት ቤቶቹ በዚያ ሰሞን ለመፈተኛ ቦታነት ይዘጋሉ፤ መምህራኑም ለእርስዎ ጊዜ አይኖራቸውም። እነዚያን ሁለት ልጆች ደግሞ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ አዲሱ ፈተና ሲያልቅ በሌላ ምንባብ ይፈትኗቸውና የሁለቱ ደረጃ ተለዋውጦ እንደሆነ እዚህ ቢጽፉልን ደስ ይለኛል።