ክርክር፦ ስፖርት በቴሌቪዥን ሲታይ ቤተሰቡ ዝም ይበል?

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ፦ እኛ ቤት ኳስ ሲተላለፍ ታላቅ ወንድሜ ማንንም አያናግርም፤ ሌላው ሰው እንዲያወራም አይፈቅድም። እናታችን «የእኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?» ብላ ስትጠይቅ እንኳ «ቆይ እማዬ!» ይላታል። ተገቢ ነው ትላላችሁ?

ከቡሬ፦ ወንድምህ እውነት አለው። ጎል በቅጽበት ይገባል፤ ዞር ብለህ ስታስረዳ ያመልጥሃል። የጋዜጠኛውም ድምፅ መሰማት አለበት። የመሀል እረፍቱ 15 ደቂቃ ነው፤ ጥያቄ ያለው ያን ጊዜ ይጠይቅ።

ከሞጣ፦ ወንድሜ፣ እረፍት እስኪደርስ እኮ እናት ተነሥታ ጓዳ ገብታለች! ማን ተመልሶ ያስረዳታል? በ1993 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሲድኒ ኦሊምፒክ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድም አገሩ ሁሉ የጮኸው ሁሉም የሩጫ ዐዋቂ ስለነበረ አይደለም። አሥር ሺህ ሜትር 25 ዙር ነው። ቡና እየተቆላ ኬንያዊው ማን እንደሆነ፣ ስንት ዙር እንደቀረ ለማያውቀው ይነገረዋል፤ የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል የማያውቅ ሰው ቤት ውስጥ አይቀርም። ኳስም እንደዚሁ ነው። በ2005 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫ ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት በረኛችን በቀይ ካርድ ወጣ። «ለምን ወጣ?» ብሎ መልስ ያገኘ ሰው ነው አዳነ ግርማ በ10 ተጫዋች ያስቆጠረችውን የአቻነት ጎል ክብደት የተረዳው።

ከቡሬ፦ ብሔራዊ ቡድን ሲሆን እስማማለሁ። የእንግሊዝ ክለቦች ሲጫወቱ ግን ለማይከታተል ሰው ከየት ተጀምሮ ይነገራል?

ከፍኖተ ሰላም፦ እኔን የሚያሳስበኝ ስድቡ ነው። የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ በክረምታቸው በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 5 ሰዓት ይጀምራል። ሕፃናት በተኙበት ቤት ዳኛን እየተሳደቡ መጮኽ ነውር ነው። ዝምታ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ከባሕር ዳር፦ ጸጥታ የፈለገ ዲኤስቲቪ ቤት ሄዶ ይመልከት።

ከሞጣ፦ እዚያ ደግሞ ማን ዝም ይላል? ያው ሰው ከጓደኞቹ ጋር 90 ደቂቃ ሙሉ ሲከራከር ያመሻል፤ ጎልም አያመልጠውም። ቤቱ ሲገባ የእናቱ አንዲት ጥያቄ ለምን ከበደችው? እንግዲህ የጠላው ወሬውን አይደለም፤ እናቱን ከተመልካች አልቆጠራትም። እኔን ያናደደኝ ይህ ነው። ቴሌቪዥኑ የቤተሰቡ ነው፤ ከጨዋታ ውጭ የሚባለውን ሕግ ለማስረዳት ኳሱ ወደ ውጭ ወጥቶ እስኪወረወር ያለው ጊዜ ይበቃል።

ከቡሬ፦ ለእናት ሲሆን እሺ፣ ይመለስላት። ፍጹም ቅጣት ምት ሲመታ ግን ማንም አያናግረኝ!